ለአምላጩ 30 ቀን፣ ላስጠጋው ሞት፦ የኤም አይ 9 ሥራ ሲመዘን

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ ለአንድ ጉዳይ ብላ ያቋቋመችው የወታደራዊ መረጃ ክፍል ነበር። ጉዳዩ በጠላት ምድር የቀረ ወታደር እንዳይማረክ፣ ከተማረከም እንዲያመልጥ፣ ካመለጠም ከወገን ጦር እንዲደርስ መርዳት ነው። ክፍሉ ኤም አይ 9 ይባላል። ጦርነቱ አልቆ ሒሳብ ሲተሳሰብ፣ ከጠላት ይዞታ ወጥተው የተመለሱት የብሪታንያ፣ የግዛቶቿና የአሜሪካ ወታደሮች ወደ 35 ሺህ እንደሚጠጉ ተጻፈ። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ለማን እንደሚመዘገብ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለንደን ለተቀመጠው ቢሮ? ለራሱ ለወታደሩ ጥንካሬና ብልሃት? ወይስ በሌሊት በሩን ከፍቶ ላስገባው የቤልጂየም፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሰው? ይህ ዳሰሳ ክርክሩን ከመነሻው ጀምሮ ይከታተላል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከካቬል እስከ ክፍል ቁጥር 424

የጉዳዩ ሥር ያለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጀርመኖች በያዟት ብራስልስ የምትሠራ ኢዲት ካቬል የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ፣ ወደ 200 የሚደርሱ ወታደሮች ወደ ኔዘርላንድስ እንዲሻገሩ ረድታ ተያዘች፤ ኦክቶበር 12 ቀን 1915 ተረሸነች። ሕዝቡ ጀግና አደረጋት። የስለላ ሰዎች ግን ሌላ ትምህርት ወሰዱ። አምላጭ የሚያሻግርና ምስጢር የሚሰበስብ መረብ ከተቀላቀለ፣ የአንዱ መያዝ ሌላውን ይዞ ይወድቃል አሉ። የውጭ ስለላው መሥሪያ ቤት የኤም አይ 6 ምክትል የነበረው ክሎድ ዳንሲ ይህን ስጋት እስከ ሁለተኛው ጦርነት ይዞት ዘለቀ። ማምለጫ መስመሮች ሰላዮቼን ያስይዙብኛል የሚል ጥርጣሬው ብዙ ውሳኔ ላይ ጥላውን ጥሏል።

ኤም አይ 9 ዲሴምበር 23 ቀን 1939 ተመሠረተ። አዛዡ ኖርማን ክሮካት የአንደኛው ጦርነት እግረኛ መኮንን ነበር። ቢሮው በመጀመሪያ በለንደኑ ሜትሮፖል ሆቴል ክፍል ቁጥር 424 ተከፈተ፤ በኋላ ቢከንስፊልድ አጠገብ ወዳለው ዊልተን ፓርክ ተዛወረ። የተሰጠው ተግባር ሰው ከመመለስ ሰፋ ይላል። ምርኮኞች በምስጢር ኮድ በሚጽፉት ደብዳቤ መረጃ መሰብሰብ አለበት። የጠላትን ጠባቂ ኃይል በፍለጋ ማድከም አለበት። ገና ወደ ግዳጅ ለሚወጣው ወታደርም ብትወድቅ የሚፈልግህ አለ የሚል መተማመኛ መስጠት አለበት። እነዚህ ዓላማዎች ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ከካምፕ ሆኖ ጥሩ መረጃ የሚልክ ምርኮኛ ካመለጠ መረጃው ይቋረጣል። በ1941 መጨረሻ የጠላት ምርኮኞችን የመመርመሩ ሥራ ኤም አይ 19 ለሚባል ሌላ ክፍል ተላልፎ ሸክሙ ቀለለ፤ በዓላማዎቹ መካከል ያለው መጎተት ግን አልቀረም።

ሐር ካርታና ግራ የዞረ ቁልፍ

የክፍሉን ስም ያገነነው በአብዛኛው ዕቃው ነው። የዕቃው ሰው ክሪስቶፈር ክሌይተን ሃተን ይባላል፤ በአስማተኛው ሁዲኒ የማምለጥ ትርኢት ልቡ የተሰረቀ፣ ለቢሮ ሥርዓት የማይመች ሰው ነበር። በመጀመሪያ ያሰበው ካርታ ነው። የወረቀት ካርታ ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል፣ ሲርስ ይቀደዳል፤ ሐር ግን ድምፅ የለውም፣ ተጣጥፎ ልብስ ስፌት ውስጥ ይገባል። ችግሩ ቀለሙ በጨርቁ ላይ መፍሰሱ ነበር። መፍትሔው ማርማላታ ለማርጋት የሚውለውን ፔክቲን ከማተሚያ ቀለሙ ጋር መቀላቀል ሆነ። ካርታዎቹን ያወጣው የኤዲንብራው ባርቶሎሚው ሲሆን፣ ጨርቅ ላይ ማተሙን የሊድሱ ዋዲንግተን ያዘው።

ቀጥሎ ኮምፓስ መጣ። በደንብ ልብስ ቁልፍ ውስጥ ተደበቀ፤ ክዳኑ ተፈትሎ ይከፈታል። ሃተን ጥርሱን ወደ ተቃራኒው አዞረው። ጠርጥሮ ሊከፍት የሚሞክር ጠባቂ እንደ ልማዱ ሲያዞረው ይበልጥ ያጠብቀዋል። የአብራሪ ረጅም ቦቲ ደግሞ በውስጡ በተደበቀች ትንሽ ቢላ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ሲቆረጥ ተራ የሲቪል ጫማ ይሆናል። ይህ ቀላል አይደለም፤ በፈረንሳይ ገጠር መንገድ ላይ በበግ ለምድ የተሸፈነ ቦቲ አድርጎ የሚሄድ ሰው ማንነቱን በእግሩ እያወጀ ነው።

ዕቃው ካምፕ ድረስ የሚደርሰው የስፖርትና የመዝናኛ በጎ አድራጎት ማኅበራት በሚመስሉ የፈጠራ ስሞች በሚላኩ ጥቅሎች ነበር። በቀይ መስቀል ጥቅል ግን ምንም እንዳይደበቅ ክፍሉ ቁርጥ ያለ መመሪያ ነበረው፤ ያ ከተበላሸ የሺዎች ምግብ ይቋረጣልና። ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ ጠንቃቃ ሆኖ የማገኘው ይህንን ውሳኔ ነው። ምርኮኛ ሁሉ አምላጭ እንዳልሆነ፣ የብዙኃኑ ሕይወት ለጥቂቶች ሙከራ መያዣ መሆን እንደሌለበት ቢሮው ተረድቶ ነበር።

በሞኖፖሊ ጨዋታ ሳጥን ውስጥ ካርታ ይደበቅ ነበር የሚለው ዝነኛ ወሬስ? ዋዲንግተን ሐር ካርታ ማተሙና ጨዋታውን በብሪታንያ የማሳተም ፈቃድ የነበረው መሆኑ እርግጥ ነው። ስንት ሳጥን እንደተላከና ስንት ሰው እንዳመለጠበት የሚነገረው ግን ማስረጃው የሳሳ ነው። አሜሪካም በኦክቶበር 1942 በቨርጂኒያ ፎርት ሀንት ኤም አይ ኤስ ኤክስ የሚባል አቻ ክፍል አቋቁማ ነበር፤ የእሱ መዛግብት በአብዛኛው በጦርነቱ ማብቂያ ተቃጥለዋል። ስለ ዕቃው የሚነገር ብዙ ነገር በሠሪዎቹ ትዝታ ላይ የቆመ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ያመለጠና የተሰወረ

ክርክሩን በሙሉ የሚያጠራ አንድ ልዩነት አለ። አምላጭ የሚባለው ተማርኮ ከጠላት እጅ የወጣ ነው። ሌላው ደግሞ ሳይያዝ የተሰወረ ነው፦ አውሮፕላኑ ተመትቶ በጃንጥላ የወረደ፣ ወይም የብሪታንያ ጦር ከፈረንሳይ ወደብ ከደንከርክ በባሕር ከሸሸ በኋላ ከኋላ የቀረ። በወሬ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። በሕግና በዕድል ግን የተራራቁ ናቸው። ከካምፕ ማምለጥ ወራት የሚፈጅ ጉድጓድና የሐሰት ወረቀት ይጠይቃል፤ የሚሳካለትም ጥቂት ነው። በጃንጥላ የወረደው ግን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ተሰውሮ ካለፈና ጥሩ ሰው ካጋጠመው የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነበር።

የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት የሚያውቀው ምርኮኛውን ነው። አምልጦ የተያዘ ምርኮኛ የሚደርስበት የዲሲፕሊን ቅጣት ብቻ ነው፤ እሱም ቢበዛ የ30 ቀን እስራት። ሲቪል ልብስ ለብሶ፣ የመለያ ምልክቱን ጥሎ፣ ገና ምርኮኛ ሳይባል የተያዘው አብራሪ ግን ጀርመኖች ሰላይ ነህ ሊሉት ይችሉ ነበር። ብለውታልም። በኦገስት 1944 ፓሪስ አካባቢ በሰርጎ ገቦች ተላልፈው የተያዙ 168 የተባባሪ ኃይሎች የአየር ኃይል ሰዎች የተላኩት ወደ ምርኮኛ ካምፕ ሳይሆን ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ነበር። የተረፉት በኦክቶበር ወደ መደበኛ የምርኮኞች ካምፕ ተዛወሩ።

ላስጠጋው ሲቪል ደግሞ ስምምነቱ ምንም አልነበረውም። በሴፕቴምበር 1941 በተያዘችው ፈረንሳይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጀርመን ማስታወቂያ ግልጽ ነበር፦ የጠላት አብራሪ የረዳ ወንድ ይረሸናል፣ ሴት ወደ ማጎሪያ ካምፕ ትላካለች፣ ለጠቆመ እስከ 10 ሺህ ፍራንክ ይከፈላል። አንድ ማዕድ ላይ አብረው ራት የበሉ ሁለት ሰዎች ሌሊት አብረው ቢያዙ፣ በወረቀት ደረጃ አንዱን 30 ቀን፣ ሌላውን ግንብ ሥር መቆም ይጠብቀው ነበር። ስለ ኤም አይ 9 የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ፣ እንደኔ፣ ከዚህ ሚዛን ነው መጀመር ያለበት።

መስመሩን ማን ይምራ?

በኦገስት 1941 የ24 ዓመቷ ቤልጂየማዊት አንድሬ ዴ ዮንግ አንድ የብሪታንያ ወታደርና ሁለት ቤልጂየማውያን ይዛ ፒሬኒስን በእግሯ አቋርጣ ቢልባኦ የብሪታንያ ቆንስላ ደረሰች። የምትፈልገው ለምግብ፣ ለባቡርና ለባስክ አሻጋሪዎች የሚከፈል ገንዘብ ነው። መጀመሪያ አላመኗትም፤ ከጀርመን የተላከች ትሆናለች የሚል ጥርጣሬ ለንደን ድረስ ሄደ። ከዚያ ግን ኮሜት የተባለው መስመር ተዘረጋ፦ ከብራስልስ ፓሪስ፣ ከፓሪስ የስፔን ጠረፍ፣ በሌሊት በኮንትሮባንድ መንገድ ተራራውንና የቢዳሶአን ወንዝ ተሻግሮ ሳን ሴባስቲያን፣ ከዚያ ጅብራልታር። ራሷ ብቻ 118 ሰዎች አሻግራለች። ገንዘቡን ተቀበለች፤ ትእዛዙን ግን አልተቀበለችም። መስመሩ የቤልጂየም ሰዎች ሆኖ እንዲቀር ፈለገች።

እዚህ ላይ ሁለት አቋሞች ይጋጠማሉ። አንደኛው፣ መስመሮቹ በበጎ ፈቃደኞች ስለተመሩ ለሰርጎ ገብ የተጋለጡ ነበሩ፤ የሠለጠነ ሰውና ሬዲዮ ያለው የለንደን አመራር ያስፈልግ ነበር ይላል። ማስረጃው ሼልበርን ነው። ሉሲየን ዱሜና ሬይመንድ ላብሮስ የተባሉ የሠለጠኑ ሁለት ካናዳውያን በ1944 ብሪታኒ ውስጥ ፕሉዋ ከሚባል ቦታ ዳርቻ፣ በሌሊት በሚመጡ የባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ከመቶ በላይ ሰው አውጥተዋል። ሁለተኛው አቋም ደግሞ የቆየው ነጻ የነበረው ነው ይላል። አንድሬ በጃንዋሪ 1943 ኡሩኝ ከሚባል ቦታ በአንድ የገበሬ ቤት ተያዘች። አባቷን ለማዳን የመስመሩ መሪ እኔ ነኝ ብትልም መርማሪዎቹ አላመኗትም። ኮሜት ግን በሌሎች እጅ እስከ 1944 ቀጠለ።

ማስረጃው ለአንዱም ሙሉ በሙሉ አያደላም። ለንደን ራሷ ያቀደችው ኦክትሪ የተባለ መስመር ፈረንሳይ በገባ በወራት ውስጥ በሰርጎ ገብ ፈርሷል። ቤልጂየማዊው ሐኪም አልቤር ጌሪስ ፓት ኦሊሪ በሚል ስም ከማርሴይ የመራውን መስመር መጀመሪያ ያቆሰለው ሃሮልድ ኮል የተባለ የብሪታንያ ሳጅን ነው፤ በዲሴምበር 1941 ተይዞ የሥራ ባልደረቦቹን ስም ዘረዘረ። የአንድሬን አባት ፍሬደሪክን በጁን 1943 ፓሪስ ላይ ያስያዘው ዣክ ዴሱብሪ ቤልጂየማዊ ነበር፤ አባትየው ማርች 28 ቀን 1944 ተረሸነ። ሙያተኛም በጎ ፈቃደኛም ተክዷል። ልዩነት ያመጣ የሚመስለኝ አንድ ሰው ስንት ሰው ያውቃል የሚለው ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ እስከ ማርሴይ ሁሉንም ቤት የሚያውቅ እንደ ኮል ያለ ሰው ሲከዳ መስመሩ በሙሉ ይጋለጣል።

ኮልዲትስ ከተባለው የጀርመን የምርኮኛ መኮንኖች ካምፕ ጃንዋሪ 1942 አምልጦ ኤም አይ 9 ውስጥ የገባው ኤሪ ኒቭ በ1944 የተለየ መንገድ መረጠ። የባቡር ሐዲዱ በቦምብ ሲቆራረጥ ሰውን ከማንቀሳቀስ ይልቅ ባለበት መደበቅ ተወሰነ። ከቤልጂየም መኮንኖች ጋር ተሠርቶ በፍሬትቫል ጫካ፣ ጀርመኖች አፍንጫ ሥር፣ ካምፕ ተቋቋመ፤ በኦገስት አጋማሽ 132 የአየር ኃይል ሰዎች ከዚያ ወጡ። የአካባቢው ሰው ምግብ ማቀበሉ አልቀረም። ቢያንስ ግን አብራሪ በየጓዳው ሲደበቅ ከነበረው አደጋ ቀለለ።

«ባላችሁበት ቆዩ»

ከሁሉ የከበደው ወቀሳ የሚመጣው ከጣሊያን ነው። በጁን 1943 ኤም አይ 9 በጣሊያን ላሉ ካምፖች በኮድ ትእዛዝ ላከ፦ ወገን ጦር ሲገባ በጅምላ እንዳትወጡ፣ ባላችሁበት ቆዩ። ያን ጊዜ በጣሊያን እጅ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ምርኮኞች ነበሩ። ጣሊያን ሴፕቴምበር 8 እጅ መስጠቷ ሲታወጅ ጠባቂዎቹ ተበተኑ፤ ወገን ጦር ግን ሩቅ ነበር። ጀርመኖች ቀድመው ደረሱ። ወደ 50 ሺህ የሚጠጋው ምርኮኛ በባቡር ወደ ጀርመን ግዛት ተወሰደ። በኪየቲ ካምፕ ከፍተኛው የብሪታንያ መኮንን የሚወጣ በጦር ፍርድ ቤት ይጠየቃል ብሎ ነበር፤ ሰዎቹ በራሳቸው አዛዥ ትእዛዝ ቆይተው ለጀርመን ተረከቡ። በፎንታኔላቶ ደግሞ ጣሊያናዊው የካምፕ አዛዥ ቪቼዶሚኒ በሩን ከፈተ፤ ወደ 600 የሚጠጉ ምርኮኞች ተሰልፈው ወጡ። እሱ ማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ገባ።

ለትእዛዙ የሚከራከሩት ስንቅና መሣሪያ የሌለው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጦር ሜዳ መሃል ቢፈስ እልቂት ይመጣል የሚለውን ስሌት ያነሣሉ። በጁን ወር ሲታይ ስሌቱ ዕብደት አልነበረም። ጥፋቱ ሁኔታው ሲለወጥ ትእዛዙ አለመለወጡ ነው፤ ለዚህ ከኤም አይ 9 በላይ የነበሩት አዛዦችም አብረው ይጠየቃሉ። ከዚያ በኋላ የተበተኑትን የመሰብሰቡ ሥራ የወደቀው ካይሮ በነበረው በቶኒ ሲሞንድስ ላይ ነው። ሲሞንድስ በ1941 በኢትዮጵያ ከኦርድ ዊንጌት ጋር በጌዴዎን ጦር ውስጥ የተዋጋ መኮንን ነበር። በኦክቶበር 1943 በአድሪያቲክ ዳርቻ በጃንጥላና በጀልባ ያስገባቸው ቡድኖች የተወሰኑትን አወጡ፤ በመጠኑ ግን ከጠፋው ጋር አይነጻጸርም።

አብዛኛውን ያዳነው የጣሊያን ገበሬ ነው። ሮጀር አብሳሎም በ1991 ያሳተመው ጥናት ይህንን በዝርዝር አሳይቷል፦ ራሱ የሚበላው ያነሰው ጭሰኛ የማያውቀውን እንግዳ በጋጣውና በምድጃው ዳር ለወራት አኖረ። የሮም ከተማውን ሥራ የመሩት አይሪሽ ቄስ ሂዩ ኦፍላኸርቲና አምልጦ የመጣው መኮንን ሳም ዴሪ ከተማዋ ነጻ ስትወጣ በእጃቸው ወደ 4 ሺህ ሰው ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ለአርበኞች መረጃና መድኃኒት ያቀብሉ የነበሩትን የውስጥ አርበኞቻችንን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ሥራ ምን እንደሚጠይቅ አይጠፋውም።

ግዴታ ወይስ ምርጫ?

ምርኮኛ ለማምለጥ መሞከር ግዴታው ነው የሚለው አስተሳሰብ በፊልምና በትዝታ መጻሕፍት ሥር ሰድዷል። ኤም አይ 9ም በሃይጌት ባለው ትምህርት ቤቱ ይህን መንፈስ አስተምሯል። ኤስ ፒ ማኬንዚ በ2004 ስለ ኮልዲትስ በጻፈው መጽሐፍ ግን ሥዕሉን አፈረሰው፦ አብዛኛው ምርኮኛ ለማምለጥ አልሞከረም፤ ረሃብ፣ የጉልበት ሥራና የአካል መድከም የተራው ወታደር ኑሮ ነበር። የማምለጥ ታሪክ በአመዛኙ ሥራ የማይገደዱ መኮንኖች ታሪክ ነው።

ዋጋውም ይከራከራል። በማርች 1944 ሽታላግ ሉፍት 3 ከተባለው የጀርመን የምርኮኞች ካምፕ በጉድጓድ የወጡት 76 ነበሩ፤ 3 ተመለሱ፣ 73 ተያዙ፣ 50ዎቹ በሂትለር ትእዛዝ ተገደሉ። ደጋፊዎቹ ፍለጋው ብዙ የጀርመን ኃይል አሰማርቷል ይላሉ። ይህ ክርክር አያሳምነኝም፤ የተሰማራው በአብዛኛው ወደ ግንባር የማይሄድ ፖሊስና የሚሊሺያ ዓይነት ኃይል ነበር፤ በ50 ሕይወት የሚመነዘር ወታደራዊ ጥቅም አላየሁበትም።

ከዚያው ዓመት ሌላ ማምለጥ አለ፤ ፊልም አልተሠራለትም። ሜይ 11 ቀን 1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ምሥራቅ ፈረንሳይ ኤፒናልን ሲደበድቡ በካምፑ የነበሩ የሕንድ ወታደሮች በፈረሰው አጥር ወጡ። ወደ 500 የሚጠጉት በፈረንሳይ መንደሮች ሰው እየታገዙ ስዊዘርላንድ ገቡ። በመልካቸው በፈረንሳይ ገጠር ሊሰወሩ የማይችሉ ሰዎች ናቸው፤ ሐር ካርታም አልነበራቸውም። የተሳካው ገበሬው ስላልጠቆመ ነው። በምሥራቅ እስያም የገጽታና የርቀት ነገር የኤም አይ 9ን ዘዴ ሰብሮታል። ከሆንግ ኮንግ ካምፕ ያመለጠው ሊንድሴይ ራይድ በ1942 ያቋቋመው ቡድን የሠራው በቻይናውያን ወኪሎች ነበር።

ሒሳቡ

35 ሺህ የሚለው ቁጥር ችግሩ ሁሉንም መንገድ አንድ ላይ መደመሩ ነው። ከጣሊያን ካምፕ በእግሩ ወጥቶ ገበሬ ቤት የከረመ፣ በኮሜት ፒሬኒስን የተሻገረ፣ ማንም ሳያግዘው የሄደ፣ ሁሉም በአንድ ዓምድ ተቆጥሯል። ምንጮቹም ያዘነብላሉ። ፉትና ላንግሊ ስለ ክፍሉ የጻፉት የ1979 መጽሐፍ መሠረታዊ ነው፤ ጂሚ ላንግሊ ግን ራሱ የክፍሉ ሰው ነበር። መዛግብቱ የተሞሉት ተመልሰው ለንደን በተጠየቁ ወታደሮች ቃል ነው። የተረሸነችው የቤት እመቤት ቃል የለም። ሔለን ፍራይ በ2020 ባወጣችው ታሪክ የሴቶቹን ድርሻ ወደ ፊት ማምጣቷ ሚዛኑን በከፊል አቃንቷል።

ኮሜት ወደ 800 ሰው እንደረዳ፣ ከአባላቱም 700 ያህል ተይዘው ወደ 300 የሚጠጉት እንደሞቱ ይጠቀሳል። እነዚህ ሁለት አሃዞች ጎን ለጎን ሲቆሙ «ተሳካ» የሚለው ቃል በቀላሉ ከአፍ አይወጣም። አንዱ አቋም፣ የሠለጠነ አብራሪን ለመተካት ብዙ ወራት ስለሚፈጅ፣ የተመለሰውን አይቶ ለግዳጅ የተነሣው ሁሉ ሞራል ስለበረታ፣ የማምለጫው ሥራ ጦርነቱን አሳጥሯል ይላል። ይህ ሞራልን በተመለከተ አሳማኝ ነው። ረጂዎቹ ራሳቸው ግን ሥራቸውን በዚህ ስሌት አልለኩም፤ በተያዘ አገራቸው ጠላትን የሚጎዱበት ቅርብ መንገድ እሱ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በጣሊያን በፊልድ ማርሻል አሌክሳንደር ፊርማ የምስጋና ወረቀት ታደለ፤ የካሳ ጥያቄ የሚመረምር ኮሚሽንም ሮም ውስጥ ሠራ። አንድሬ ዴ ዮንግ ከራቨንስብሩክና ከማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፖች ተርፋ የብሪታንያ ጆርጅ ሜዳልያ ተሸለመች። ከዚያ ነርስ ሆና በኮንጎ፣ በካሜሩን፣ በአዲስ አበባና በሴኔጋል የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ሠራች፤ በ2007 በ90 ዓመቷ አረፈች። አዲስ አበባ ውስጥ ያስታመመቻቸው ሰዎች የማንን እጅ እንደያዙ ያወቁ አይመስለኝም።

ከ1949 ወዲህ

የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አምላጩን ይበልጥ ጠበቀው፤ አንቀጽ 93 ሲቪል ልብስ መልበስንና የሐሰት ወረቀት መያዝን ጭምር፣ ሰው ካልተጎዳ፣ በዲሲፕሊን ቅጣት ብቻ ወሰነው። ለረጂው ያለው ለውጥ በአራተኛው ስምምነት ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት ወራሪ ኃይል ሲቪልን በሞት ሊቀጣ የሚችለው በስለላ፣ በወታደራዊ ተቋም ላይ በተፈጸመ ከባድ አሻጥር ወይም ሆን ተብሎ ሰው በተገደለበት ወንጀል ብቻ ነው። አብራሪ ጓዳ ውስጥ ደብቆ ማኖር ብቻውን ከነዚህ አይገባም። በ1941 የተለጠፈው ማስታወቂያ ዛሬ ሕገ ወጥ ነው።

ይሁንና አንቀጹ የሚሠራው ወራሪ መንግሥት በያዘው ግዛት ነው። በ1995 ቦስኒያ ላይ የተመታው አሜሪካዊ አብራሪ ስኮት ኦግሬዲ ስድስት ቀን የቆየው ከአካባቢው ሰው ራሱን ደብቆ ነው፤ በሬዲዮው ተገኝቶ በሄሊኮፕተር ተነሣ። ከዚህ ተነሥተው ቴክኖሎጂ ረጂውን አላስፈላጊ አድርጎታል የሚሉ አሉ። በ2005 በአፍጋኒስታን ኩናር የቆሰለውን አሜሪካዊ ወታደር ማርከስ ለትረልን ያስጠለለው ግን መሐመድ ጉላብ የተባለ የመንደር ሰው ነበር። ጉላብ ከታሊባን ጥቃት ደርሶበት ከዓመታት በኋላ አገሩን ጥሎ አሜሪካ ገባ። የበቀለበት የታጠቀ ቡድን እንጂ ወራሪ መንግሥት ስላልነበረ አንቀጽ 68 አይመለከተውም። የሚያስጠጋው ሰው የእንግዳውን ቦታ በስልክ ለነፍስ አድን ኃይል ቢያሳውቅስ ሰብአዊነት ነው፣ ስለላ ነው፣ ወይስ በውጊያ መሳተፍ? የወታደሮቹ አሠልጣኞችም የሕግ ሰዎችም በዚህ ላይ ገና አልተስማሙም። አብራሪው ለሚያገኘው ሰው እንዲያሳይ የሚሰጠው ወረቀት ለረዳው ሰው ሽልማት ቃል ይገባል፤ ስለ ጥበቃው የሚለው ነገር የለም።